በመዝሙር የተሸፈነው ምርቃት

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሃዊ መጥታ ከጎኔ ተለጥፋ ተቀመጠችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የምታገባው ለጥር ነው። የፎቶ ሰዎችን ሥራ እያገላበጠች ታሳየኛለች። አንዱ ሙሽሮቹን ወንጪ ወስዶ ፈረስ ላይ አስቀምጧቸዋል፤ ሌላው ከሰማይ በሚበር ካሜራ ነው የሚያነሳው፤ ሦስተኛው ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ጭልሞ ጫካ ውስጥ ዛፍ አስደግፏታል። «አዳዳ፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ። በእኛ ቤት የአባት እህት አዳዳ ናት። መነጽሬን አድርጌ፣ እንደ ዐዋቂ አንገቴን እየነቀነቅሁ ሳይ ቆየሁ። ልቤ ግን አምቦ፣ አባቴ ቤት፣ በራሴ ሰርግ ቀን ላይ ነበር።

ያኔ የቪዲዮ ካሴት ዘመን ነው። እኔ አምቦ አስተማሪ ነበርኩ፤ ግርማ፣ ዛሬ የልጆቼ አባት፣ የእጃጂ ልጅ ነው፣ እዚያው እጃጂ በጤና ሙያ ይሠራ ነበር። ሰርጋችን ሲቃረብ ስለ ድንኳኑም ስለ በሬውም ሌላ ሰው ተጨነቀ፤ እኔን ያስጨነቀኝ የቪዲዮው ነገር ብቻ ነበር። ለዚህ ተጠያቂዋ ጓደኛዬ ሌንሴ ናት። ጊንጪ ስታገባ ተቀርጻ ካሴቷን እየተዋዋስን፣ ማጫወቻው ዴክ እስኪበላው ድረስ አይተነዋል። ሌንሴና ባሏ ልብ ውስጥ ሆነው እየተሽከረከሩ ይመጣሉ፤ ጽጌረዳ ይፈነዳል፤ ከጽጌረዳው ውስጥ ደግሞ እንደገና ሌንሴ ትወጣለች። ዛሬ ባየው እስቃለሁ። ያኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

አባቴ ኦቦ ፈይሳ የፈለገው ጋሽ ሙላቱን ነበር። ጋሽ ሙላቱ ወደ ገበያ መውረጃው ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶዬን ያነሱኝም እሳቸው ነበሩ። ቪዲዮ የላቸውም።

«ሙላቱ ይሻላል» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ እሳቸው እኮ ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሱት።»

«እሱ ሰው ሲናገር ካሜራውን ያወርዳል» አለኝ።

ይሄ ደግሞ ለፎቶ አንሺ ምን የሚሉት ሙገሳ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀና «ቶሌ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ «አንቺ የወደድሽው ይሁን።» አባቴ ክርክር ላይ ሁለተኛ ዙር የለውም፤ አንዴ ተናግሮ ይተዋል። ምነው ያን ቀን እንኳ ትንሽ በተጨቃጨቀኝ ኖሮ እላለሁ አሁን።

እኔና ግርማ ሄደን አቤል የሚባል ጎረምሳ ቢጤ ቀጠርን። የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቴሌቪዥን ከፈተልንና ልቦቹንና ጽጌረዳዎቹን አሳየን። ከዚያ «ጴንጤ ናችሁ ኦርቶዶክስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምነው?» አለው ግርማ።

«ለድምፁ ነዋ። ለሌላው ዘፈን እናስገባለን፣ ለጴንጤ መዝሙር።»

«የሰዉስ ድምፅ?» አልኩት።

«የሰው ጫጫታ ምን ያደርግልሻል፣ እህቴ? መዝሙር እናለብሰዋለን፣ ጥርት ብሎ ይወጣል።»

እምነታችንን አክብሮ መጠየቁ ደስ አለን። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ዘፈን ቢሰማ ቅር ይለዋል ብዬ የነበረብኝ ስጋት ተቃለለልኝ። ስንወጣ ግርማን «ሰውየው ጨዋ ነው» ማለቴን አስታውሳለሁ።

የሰርጌ ቀን የጥር ብርድ ጠዋት ላይ ጣት ይቆርጥ ነበር። ጤፉ ተወቅቶ ያለቀበት ጊዜ ስለሆነ የገለባው አቧራ አጥራችን ላይ ሳይቀር ተኝቷል። ጓዳው የቅቤና የጭኮ ሽታ ይሸታል፤ የማያሰክረው ጠላችን፣ ቡቅሪው፣ በበርሜል ቀርቧል፤ ዘማሪዎቹ በር ላይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አቤል ከንጋት ጀምሮ ቤቱን ተረክቦት ነበር። አልጋ አስነሳ፣ መጋረጃ አስወረደ፣ እናቴን ሳይቀር «ማዘር፣ እዚያ ጋ አይቁሙብኝ» ብሎ ከገዛ ሳሎኗ አባረራት። አክስቶቼ «ዳይሬክተሩ» የሚል ስም አወጡለት። እኔ ግን በኩራት ነበር የማየው።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። ከሰርጉ ሁሉ የአባት ድርሻ ይህች ናት፤ ሌላው የዘመድና የድንኳን ነው። አባቴ አዲስ ኮቱን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እናቴ ተጠርታ አጠገቡ ናት። ቤታችን ጨለም ስለሚል አቤል ያንን የሚያቃጥል መብራቱን ለቀቀብን። ተንበርክኬ የአባቴን ጉልበት ሳምኩ።

«ይቅርታ፣ አንዴ ይደገምልኝ፣ ቀስ ብለሽ» አለ አቤል። ደገምኩለት።

አባቴ እጁን ራሴ ላይ ጫነና «ያ ዋቀዮ…» ብሎ ጀመረ። አምላክ ሆይ ማለቱ ነው።

«አባቴ፣ እጅዎን ያንሱልኝ፣ ዘውዱን ጋረዱት።»

አባቴ እጁን አነሳ።  ምርቃቱን ቀጠለ፤ በኦሮምኛ፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፁ። ቤቱ «አሜን» ይላል። አቤል ደግሞ ከአባቴ ትከሻ በላይ ሆኖ «ሙሽሪት፣ ወደ እኔ! አገጭሽን ቀና! ዓይንሽን አትጨፍኚ! እንዳታለቅሺ፣ ኩሉ ይወርዳል!» ይለኛል። ታዛዥ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ ጮኾ ለሚያዘኝ ታዘዝኩ። መሃል ላይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አጠገቤ ግርማ አንገቱን ደፋ። ምን ተብሎ እንደተሳቀ አልሰማሁም። ግድ የለም፣ በቪዲዮው እሰማዋለሁ አልኩ በልቤ። ስለ መዝሙሩ የተነገረኝን ሰምቼ አልሰማሁም ነበር ማለት ነው።

ወደ እጃጂ ስንሄድ አቤል ጉደር ላይ አስወርዶን ወንዙ ዳር ድንጋይ ለድንጋይ አዘለለን። እጃጂ ምግቡ ቀርቦ አማቶቼ መንገድ መንገድ ያያሉ፤ እኛ ርግብ እንደሚያባርር ሰው እጃችንን እያወናጨፍን እንሳሳቃለን። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ካሴቱ የደረሰን ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አባቴና እናቴ በዝናብ እጃጂ ድረስ መጡ፤ አማቶቼ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩሎ ቆሎውን ይዞ ተቀመጠ። ልቡ ዞረ፣ ጽጌረዳው ፈነዳ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ የአባቴ ፊት ቀረበ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን በኦርጋን የታጀበ ቆንጆ መዝሙር ነው። ሰዉ ያለ ድምፅ «አሜን» አለ። ሰዉ ያለ ድምፅ ሳቀ። ቪዲዮው ውስጥ ያለሁት እኔ መብራቱን አፍጥጬ እያየሁ ነበር።

እናቴ «ድምፁ የታለ?» አለች። አባቴ ራሱን እስከ መጨረሻው አየና «መዝሙሩ ደስ ይላል» አለ።

እዚያው ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ግን «ያን ቀን ምን አልከኝ?» ማለት አልሰማሁህም ማለት ነው፤ በአማቶቼ ፊት እንዴት አድርጌ? ለብቻችን ስንሆንም አፌ ላይ መጥቶ ይመለስ ነበር። በማግስቱ ግርማ አምቦ ድረስ ሄዶ አቤልን የሰዉ ድምፅ ያለበትን ዋናውን ካሴት ስጠኝ አለው። ሌላ ሰርግ ቀርጾበት ነበር። አቤል አላጭበረበረንም፤ ሥራው እንደዚያ ነው፤ ነግሮናልም። ነገ እጠይቀዋለሁ፣ ለበዓል ስሄድ እጠይቀዋለሁ እያልኩ ልጆች መጡ፣ ዓመታት ሄዱ። አባቴ ሳልጠይቀው ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። እናቴ ስለ አንዲት ላማችን ተናገረ ትላለች፤ አክስቴ ስለ ላም የተነሳ ነገር የለም ትላለች። ግርማ «እኔ ሲሳቅ ደንግጬ አንገቴን ደፋሁ እንጂ አልሰማሁም» አለኝ። ከአባቴ ጋር ያገለግሉ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን በደንብ አስታውሳለሁ ብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ የአባቴ ሳይሆን የራሳቸው እንደሆነ ገብቶኝ አሜን አልኳቸው።

«አዳዳ፣ የቱን ልያዝ አልኩሽ እኮ» አለች ሃዊ።

«ድምፅ ይቀርጻል ወይ ብለሽ ጠይቂው።»

«ድምፅማ በሙዚቃ ነው የሚሠሩት፣ አሪፍ አድርገው።»

አሁንም! ስልኩን መለስኩላትና የወደድሽውን ያዢ አልኳት፤ ከፈለግሽ ከሰማይ ያንሳሽ። አባትሽ መናገር ሲጀምር ብቻ ካሜራውን አስወርጂው፣ ምስሉ ይቅርብሽ፣ አንቺ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ስሚው አልኳት። «እሺ» አለችኝ፤ የሙሽራ እሺ ምን ያህል እንደሚታመን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማታ ልጄ ወደ ስልኬ የገለበጠልኝን ያንን ቪዲዮ ድምፁን ዘግቼ አየሁት። እያየሁት ስለኖርኩ አንዲት ቃል ከአባቴ ከንፈር ላይ ማንበብ ችያለሁ። ከንፈሩ ግጥም ይልና ክብ ሆኖ ይከፈታል፤ ቦንቱ፣ ስሜ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያየኛል፣ ቀና እስክል የሚጠብቅ ይመስላል። ቀና አልልም። አንድ ነገር ይናገራል፤ ቤቱ ሁሉ ይስቃል።