ያልታተመው የወፎች ጥናት

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ሳለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እየወጣሁ ወፎችን አዳምጥ ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ላይ የሚሰሙትን ወፎች ከበላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ካሉት ጋር የሚያነጻጽር ነው። እንደ እኔ ሻሽ የጠመጠመች የሙስሊም ልጅ በማለዳ አጥር ስር ስትቀመጥ ዘበኛው መጀመሪያ ግር ብሏቸው ነበር፤ ነገሩን ሳስረዳቸው ግን ነፋስ የማይገባበት ጥግ አሳይተውኝ ሄዱ። እዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እቆያለሁ። የከተማው መኪና ድምፅ ከውሃ ስር እንደሚመጣ ታፍኖ ይደርሰኛል፤ ቀጥሎ ዋኔዎቹ፣ የጫካ ርግቦቹ፣ ይጀምራሉ። አንዳንዴ መንቃቴንም እጠራጠር ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ የአባቴን የጨርቅ ሱቅ እያገዝኩ፣ ውጭ አገር ማስተርስ ለመማር ማመልከት ጀመርኩ። ሁሉም ማመልከቻ የታተሙ ጽሑፎቼን ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ አንድም የለኝም። አብራኝ የተመረቀችው ጓደኛዬ ግን ከመምህራን ጋር ሆና አሳትማ ነበር። ቶሎ የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሳት ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ።

አማካሪዬ የነበሩት መምህርት ዘንድ ሄጄ ምን እንደሚሻለኝ ጠየቅኋቸው። ማሳተም እንደሚጠቅም፣ ሳያሳትሙ የሚገቡም እንዳሉ ነገሩኝና፣ ጥናቴን አሳጥሬ ለጆርናል እንድልከው መከሩኝ። ላክሁት። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ ጥናቱን አመስግኖ፣ ባሕር ዛፉ ጭር ያለ ነው በሚለው ድምዳሜዬ ላይ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ያዳመጥሽው በበጋ ብቻ ነው፤ ክረምቱስ?

ያኔ ጓደኛዬ ምንም ሳይጠይቅ ባጭር ጊዜ የሚያትም ሌላ ጆርናል እንዳለ ጠቆመችኝ። ብዙ አሰብኩበት። መጨረሻ ላይ የዚያን ዓመት ማመልከቻ ትቼ ክረምቱን ለመጠበቅ ወሰንኩ። ለአባቴ ስነግረው ጨርቅ እያጠፈ፣ «ዓመት ሙሉ ለወፍ?» አለኝ።

«ለወፍ» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አላነሳብኝም።

ክረምቱ ገባ። እንጦጦ በጉም ሲሸፈን ዛፎቹ ይጠፉና ሽታቸው ብቻ ይቀራል። ከእጄ ወዲያ የሚታየኝ ነገር ሳይኖር ቆሜ ሳዳምጥ፣ ጭር ያለ ነው ብዬ የጻፍኩለት ባሕር ዛፍ ውስጥ ወፎች ይንጫጩ ጀመር። ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ከላይም ከጎንም ይመጣሉ፤ ጉሙ ራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። በነጋታውም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ነበሩ። ድምዳሜዬ እየፈረሰ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። ለማመልከት ጊዜው ሲደርስ ገና በግምገማ ላይ ስለነበረ ማመልከቻው ላይ እንደዚያው ብዬ ሞላሁ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለኝም። ሌላው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ቤታችን ጫጫታ ስለሚበዛበት ኮምፒውተሬን ይዤ ከሱቁ ጓዳ፣ በጨርቅ ጣቃዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። ቃለ መጠይቁን ያደረጉልኝ ፕሮፌሰር ስለ ትምህርት ውጤቴ ብዙም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ማመልከቻዬ ላይ አንብበው፣ ስለ ባሕር ዛፉ የነበረኝን ሐሳብ ለምን እንደቀየርኩ ነው። ስለ ጉሙ ነገርኳቸው። በስክሪኑ ውስጥ ወደ ፊት ጠጋ ብለው፣ ወፎቹ ከየት የመጡ ይመስልሻል አሉኝ። አላውቅም፣ ልማር የምፈልገውም ይህንኑ ነው አልኳቸው።

ተቀበሉኝ። ጽሑፉ የታተመው ከዚያ በኋላ፣ ቪዛ እየጠበቅኩ ሳለ ነው። ለመምህርቴ ላሳያቸው ሄጄ፣ ሳይታተም ከገባሁ ያ ሁሉ ልፋት ለምን ነበር ብዬ በቀልድ ጠየቅኋቸው።

«ሳይታተምም ገብተሻል» አሉኝ። «እንደገና ባትጽፊው ኖሮ ግን በቃለ መጠይቁ ምን ትነግሪያቸው ነበር?»

አባቴ ሱቁ ውስጥ እንዳነብለት ፈለገ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ከአንዳንዱ ቃል ጋር እየታገልኩ አነበብኩለት። መሃል ላይ የመጋረጃ ጨርቅ ፈላጊ ሴትዮ ገቡ። አባቴ በእጁ ወንበር አሳያቸውና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቀጥይ» አለኝ።