ለዓሣ ያልደረሰ ውሃ

ቱፋ ጉርሙን ያወቅሁት አምቦ አብረን ስናስተምር ነው፤ እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ታሪክ። ግትር ሰው ነበር፤ ስንት ጊዜ እንዳናደደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በ1977 የዝውውር ትእዛዝ መጣበት፤ ወለጋ ቆላ፣ አዲስ የሰፈራ ጣቢያ ትምህርት ቤት። ባለቤቱ ደብሪቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ በሁለተኛው እሷንም ለጥቂት ነው ያተረፏት። አምቦ ውስጥ ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም።

ርእሰ መምህራችን አቶ ከበበው አንድ መላ አመጡለት። ከአውራጃ የሚመጡ እንግዶች የትምህርት ቤታችንን ኤግዚቢሽን ሊጎበኙ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ ካሳየ፣ «ይህን ሰው አትንኩብን» ብለው እንግዶቹን ሊለምኑለት ቃል ገቡ።

ቱፋ ገንዳውን ሠርቶ ውሃ ሞላው፤ ዓሣ ግን አላስገባም። ውሃው መጀመሪያ መብሰል አለበት ይላል። ቁንጥር ዩሪያ ማዳበሪያ ይጨምርበታል፤ ዩሪያው አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ግን ይመገቡታል። እነሱ በዝተው አሞኒያውን ሲጨርሱት፣ አሞኒያ ሲያገኝ ቢጫ የሚሆነው የመፈተሻ ፈሳሽ ቢጫ መሆኑን ይተዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው ለዓሣ ደረሰ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ባዶ ገንዳ ሲጠብቅ እያየን፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እያልን እንተርበው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቢጫው እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ብርዱ ይሆናል ብሎ አጠገቡ ከሰል አቀጣጠለ። አየር አንሷቸው ይሆናል ብሎ በብስክሌት መንፊያ ነፋላቸው። ምንም የለም። ተርበው ይሆናል ብሎ ዩሪያ ቢጨምር ባሰበት። የደብሪቱ ሆድ እየገፋ፣ የእሱ ፊት እየከሳ ሄደ።

አንድ ቀን በንዴት ሊትመስ የሚባለውን የአሲድ መፈተሻ ወረቀት ቢነክርበት ቀላ። ውሃው ኮምጥጧል። ንጹሕ ይሁን ብሎ የሞላው ከቆርቆሮ የወረደ የዝናብ ውሃ ነበር። ተሕዋስያኑ ሲሠሩ አሲድ ይተዋሉ፤ የዝናብ ውሃ ደግሞ አሲዱን የሚመክትበት ማዕድን የለውም፤ ሲኮመጥጥባቸው ሥራ ያቆማሉ። ማዕድን ያለው ውሃ አምቦ ላይ ምን ጠፍቶ! የአምቦ ውሃ ገዝቶ፣ ጋዙ እስኪወጣ በሳፋ እያሳደረ፣ በጥቂት በጥቂቱ ቀላቀለበት። ቢጫው እንደገና መሳሳት ጀመረ። ቱፋ ሲስቅ ያየሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ጊዜው ግን አልጠበቀውም። በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ውሃው ገና ነበር። አቶ ከበበው ከሰበታ ያስመጧቸውን ዓሦች በባልዲ ይዘው መጡና ለነገ ብቻ ይግቡ አሉት። እሱ ይታፈናሉ፣ ትንሽ ቀን ስጡኝ ብሎ ድርቅ አለ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ቱፋ፣ የምታዝነው ለዓሣ ነው ለደብሪቱ?» አልኩት።

ባልዲውን አነሣና ዓሦቹን ራሱ ለቀቃቸው።

በማግሥቱ እንግዶቹ ሲገቡ ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። የእንግዶቹ አለቃ ሰላም የሚሉት መስሎት ሳቀ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ። አቶ ከበበው ልመናቸውን ሳይጀምሩ አለቃው የቱፋን ትከሻ ያዘ።

«ጓድ፣ እንዳንተ ያለ ሰው ለከተማ ትርፍ ነው። ይህን ማየት ያለባቸው የሰፈራ ጣቢያው ልጆች ናቸው። ቶሎ እንድትሄድ እኔ ራሴ አስፈጽማለሁ።»

ቱፋ «ባለቤቴ...» ብሎ ጀመረ። ሰውየው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አልፎ ነበር። አቶ ከበበውም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

ዓሦቹ እሱ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት አለቁ። አምቦ የቀረችው ደብሪቱ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ምጧ ላይ የያዘቻት የእኔ ባለቤት ናት። ክርስትና ስታስነሣው እንኳ መጠሪያ ስሙን አባቱ ያወጣለታል ብላ ሁላችንንም ከለከለችን። ቱፋ ግን መጥቶ ሊያየው ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር ይከለከላል። ልጁ ድክ ድክ ማለት ጀምሮም ማሙሽ እንለው ነበር።