በእህል ነጋዴ ሚዛን የተመዘነ ሻንጣ

እናቴ ኢየሩሳሌም ልትሳለም የሄደችበትን ዓመት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ሌላው ሰው ዝማሬውን፣ የትንሣኤውን ሻማ፣ ያመጣችለትን መስቀል ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው አንድ ቡናማ ሻንጣና ሻንጣው ውስጥ የገባውን የአጎቴን ቡልኮ ነው።

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አስተምር ነበር። እናቴ የምትኖረው ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ ቤት ነው። ጉዞውን ያሰብንላት እኔና ወንድሞቼ ነን፤ ፓስፖርቷንና ሌላውን ወረቀት የጨረሰላት ደግሞ ተሳላሚ የሚወስድ አንድ ማኅበር ነው። የቀረው አየር ማረፊያውን ያለ ችግር ማለፍ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ሁሉም ለእኔ ለሴቷ ልጅ ተዉት። እኔ ራሴ አውሮፕላን የማውቀው ከበላያችን ሲያልፍ ነው፤ ሆኖም የማላውቀውን ነገር ሰው ላይ ማዘዝ ከብዶኝ አያውቅም።

አንዴ ናይሮቢ ለስልጠና ሄዶ የመጣ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ያ ጉዞው ዕድሜ ልኩን የሚያወራው ነገር ሆኖለታል። ብረት ያለበት ነገር ይጮኻል አለኝ። ጫማና ቀበቶ ይፈታል፣ ቢላዋ አይያዝም፣ ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ ካለፈ ሰው ፊት ተከፍቶ ይበረበራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ዕቃ እንዳትይዝ፣ ሲጠይቋትም የራሴ ነው ትበል ብሎ ጣቱን አወዛወዘብኝ። ይህን ምክር ይዤ ለዐቢይ ጾም ማገባደጃ አገሬ ስገባ ቤቱ በሰው ዕቃ ተሞልቶ ጠበቀኝ።

በእኛ አገር ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው ለራሱ ብቻ አይሄድም። የሚቀበርበትን ጨርቅ ይዞ ሄዶ በጌታ መቃብር ላይ አስነክቶ ይመልሳል። መሄድ ያልቻለ ጎረቤትም የራሱን ከፈን በአደራ ይልካል። አልይዝም ማለት ነውር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከጠበል ጠዲክ የተባረረ ያህል ይታያል። እናቴ ቤት መደብ ላይ የሰፈሩ ሁሉ አቡጀዲ ተቆልሎ ነበር፤ የማን የማን እንደሆነ እንዲለይ ጫፉ ላይ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በጥቁር ክር ተሰፍቶበታል። ከስር ደግሞ እናቴ ራሷ ፈትላ ያሠራችው የራሷ የመቀበሪያ ቡልኮ ታጥፎ ተቀምጧል።

እኔም ልምምድ ጀመርኩ። በሩ ላይ ቆሜ ፈታሽ ሆንኩ፣ እሷን ከውጭ ወደ ውስጥ አሳለፍኳት። ጉትቻዋን አወለቀች። የሳጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች። መቀነትሽን ፍቺ ስላት ግን ቆማ አየችኝ። ጎረቤት ሴቶች ለማየት ተሰብስበዋል፣ አንዷም እየሳቀች ብብቷን ዳበሰቻት። እናቴ ሌባ ነኝ እንዴ ብላ እጇን መታቻት። እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ቀና በይ፣ መሬት መሬት አትዪ እያልኩ ጮኽኩባት። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ሰብራ የምትመልስ ሴት ናት፤ ፈታሽ ደግሞ አንገቱን የሚሰብርን ሰው ይጠረጥራል ብሎኛል ባልደረባዬ።

«ሻንጣው ውስጥ ያለው የማን ነው?» አልኳት ድምፄን አወፍሬ።

«የሰፈሩ ሁሉ» አለች።

ይህን ካልሽ ከበር ትመለሻለሽ፣ የራሴ ነው በይ ብዬ ተቆጣሁ። እሷም መቀነቷን እያጠበቀች መለሰችልኝ። «ኢየሩሳሌም ልሳለም እየሄድኩ፣ በጾም፣ ከበሩ ላይ ዋሽቼ ልግባ?» ሴቶቹ ከእሷ ጋር ሆኑ። ማኅበሩ ዘንድ ደውዬ ስጠይቅ ተሳላሚው ሁሉ የሚይዘው ይህንኑ ስለሆነ እውነቱን ትንገራቸው አሉኝ። ተሸነፍኩ፤ መሸነፍም አልወድም።

አጎቴ የገባው በዚህ መካከል ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ለአጎት አንቱ ይባላል፤ እኔ ግን ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ አንቱታዬን አንስቻለሁ። መሬት እንደገና ሲከፋፈል አባቴ ሞቷል፤ ሆኖም በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለነበር ቤታችን ቢሮክራሲ፣ የደርግ ሹም ቤት፣ ተባለ፤ ትርፍ የተባለውም መሬት ተወሰደ። አጎቴ ከአከፋፋዮቹ አንዱ ነበር። ከቤታችን በታች ያለችውን ጥቁር አፈር ማሳ፣ ገብስ ሳትሰስት የምትሰጠውን፣ ገመድ ይዞ የለካት እሱ ነው። ዕጣው ሲወጣ ማሳዋ ለማን እንደደረሰች መንገር አያስፈልገኝም። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችውም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እሱ በቆመበት በኩል አትቆምም።

ታዲያ ቡልኮውን ራሱ ይዞ አልመጣም። ብልጥ ነው። በንስሐ አባታችን ላከው። ቄሱ ከነጠላቸው ስር አውጥተው መደቡ ላይ አስቀመጡና፣ ልጄ፣ አደራ ነው፣ የእሱን ነገር እዚህ ላይ እርሺው አሏት። የላከው ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አቡጀዲ አይደለም፤ ሁለት ሰው የሚያለብስ ወፍራም ቡልኮ ነው። ሲቀበርም ሰፊ ቦታ ሊይዝ አስቧል አልኩ። ቄሱ እንዳልሰማ ሆኑ።

እንደወጡ መልሺለት አልኳት። ካልመለስሽ እኔ እመልሳለሁ፣ በሩ ላይ ነው የምወረውርለት አልኩ። እናቴ ቡልኮውን ዘረጋችው፣ በጣቷ ውፍረቱን ለካችው፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ክር ሰፋችበትና ከራሷ ቡልኮ አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ ውጭ ወጥቼ የሚሰደብ ሰው ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ውሻውን ብቻ ነበር።

በገበያ ቀን ሻንጣውን አህያ ላይ ጭነን ሞላሌ ወረድን። ኪሎው ሳይታወቅ አዲስ አበባ መሄድ እብደት ነው ብዬ ነበርና የምንመዝንበት ፈለግን። ትልቅ ሚዛን ያለው ገብስ የሚገዛው ነጋዴ ጋ ነው። በዚህ ሰውዬ ሚዛን በገበያው ያልተማረረ ገበሬ የለም፤ ቤቱ ሞልቶ የወጣ ጆንያ እሱ ዘንድ ሲደርስ ጎድሎ ይገኛል። ሻንጣውን መንጠቆው ላይ ሰቀለው፣ አንገቱን አጣሞ አነበበና፣ እናንተ ምን ያስጨንቃችኋል፣ ገና ይጎድላችኋል አለን። ደስታችን! ነጋዴውን መርቀን፣ ጎደለ በተባለው ልክ አንዷ ጎረቤት በሶ፣ ሌላዋ ዳቦ ቆሎ፣ ሦስተኛዋ ሽሮ ጨመሩበት። ስንት ዘመን ገብሳችንን ሲያጎድል የኖረ ሚዛን ሻንጣችንን አስተካክሎ ይመዝናል ብለን ያን ያህል ሰው ቆመን አየን። የተማርኩት እኔ፣ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ከፊት ነበርኩ።

በጉዞው ዋዜማ አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ አጎቴ በርኖሱን ደርቦ፣ በዱላው ተደግፎ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። አልቀረበም። እናቴም በመስኮቱ በኩል ሁሉንም ተሰናብታ እሱ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች። አውቶቡሱ ጣርማ በርን እስኪያልፍ ድረስ ቡልኮው ምን ያህል እንደሚከብድ ስነግራት ሄድኩ።

አየር ማረፊያው ስንደርስ ተሳላሚዎቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ነጭ በነጭ ሆነው ተኮልኩለዋል። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። የማኅበሩ አስተባባሪ፣ ፊቱ በድካም የጠቆረ ዲያቆን፣ ውስጥ ሄዳችሁ እንዳታሳፍሩኝ እያለ የእያንዳንዱን ሻንጣ በእጁ በያዘው ሚዛን እያንጠለጠለ ያያል። የእናቴን ሲያነሳ ሁለት እጁን ተጠቀመ። አየውና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ይህ አይታሰብም አለ። ሞላሌ መዝነነዋል፣ ይጎድላል ተብለናል ብዬ ተከራከርኩት። የት ነው የመዘናችሁት ሲለኝ ገና ያኔ ነው የነጋዴው ሚዛን ትዝ ያለኝ።

ሻንጣው አስፋልት ላይ ተከፈተ። ያ ሁሉ ልምምድ ሻንጣው ሰው ፊት እንዳይበረበር ነበር፤ ተበረበረ። በሶው ወጣ፣ ሽሮው ወጣ፣ ዳቦ ቆሎው ወጣ። በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ቀድሞ ጢም ብሏል። ዲያቆኑ እንደገና አንጠለጠለና አንድ ከባድ ነገር ይውጣ አለ። ከሁለቱ ቡልኮ በቀር ከባድ ነገር አልነበረም። ደርባው ትግባ እንዳይባል፣ በቁሙ ከፈን የሚለብስ ሰው የለም።

ከዚያ ቀን ሁሉ የተደሰትኩባት ደቂቃ ያቺ ናት። እጄን ከታች ሰድጄ ጥቁር ክር ያለበትን ፈልጌ ሳብኩት። እግዜር ራሱ ፈረደ አልኩና ትከሻዬ ላይ ጣልኩት።

እናቴ ሻንጣው አጠገብ ተንበርክካ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«መልሺው» አለች።

«ምኑን?»

«የእሱን መልሺና የኔን አውጪ።»

ሰው እየሰማ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። ማሳሽን ገመድ ይዞ የለካብሽን ሰው ከፈን ተሸክመሽ የራስሽን አስፋልት ላይ ትጥያለሽ፣ ናላሽ ዞሯል ወይ አልኳት። ሰፈሩ ምን ይላል፣ አንቺ በምን ልትቀበሪ ነው አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጮክ ሳትል፣ ዲያቆኑም እኔም እንድንሰማ አድርጋ ተናገረች።

«እኔ አልቸኩልም፤ እሱ ይቀድመኛል። በዚህ ተጠቅልሎ ይሂድና ማሳዬን እዚያ ይጠየቅባት። ይህን ማን አመጣልህ ሲባል ስሜን ይጥራ።»

ዲያቆኑ አማተበ። እኔ ደግሞ ይቅርታ መስሎኝ የተናደድኩበት ነገር ከእኔ ንዴት የባሰ ቂም መሆኑ ገባኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር ቡልኮውን መልሼ አስገባሁት። የእሷን አወጣሁ። ሻንጣው ተመዘነ፣ ልክ መጣ።

በመስታወቱ በኩል ፍተሻውን አየሁላት። ማንም ሳያዛት መቀነቷን ፈታች። ቁልፏን ሣህኑ ላይ አደረገች። እጇን አንስታ፣ አንገቷን ሳትሰብር፣ ፈታሿን ፊት ለፊት እያየች አለፈች። ወደ ኋላ ዞራ አላየችኝም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ተመልሳ አደራውን ሁሉ ለየባለቤቱ አደለች። የአጎቴን በቄሱ በኩል ላከችለት። ደስ ብሎት እንደሳመውና ሳጥኑ ውስጥ እንደቆለፈበት ሰማን። የእሷን ቡልኮ እኔ ደብረ ብርሃን አስቀመጥኩት፤ ሌላ ጊዜ ሰው ሲሄድ እንልከዋለን ተባባልን።

የቀደመው ግን እሱ አይደለም። ሁለት ክረምት ሳያልፍ እናቴን በድንገት ሕመም ያዛትና በዚያው ቀረች። ቡልኮዋን ታቅፌ ስደርስ ሴቶቹ አጥበዋት ጨርሰዋል። ያልተነካ፣ ያልተሳለመ ቡልኮ ነው የያዝኩት፤ ሰፈሩ ሁሉ በእሷ እጅ የተባረከ ከፈን ሳጥኑ ውስጥ አለው።

ያኔ አጎቴ ለቀስተኛውን ገፍቶ ገባ። ጥቁር ክር ያለበት ቡልኮ በሁለት እጁ ላይ ተዘርግቷል።

«እሷ ናት የወሰደችው፣ ለሷ ይሁን» አለ።

ልወረውርበት ፈልጌ ነበር። ግን ቡልኮው የት እንደደረሰና ምን እንደነካ አውቃለሁ፤ እናቴን ከዚያ በረከት ልለያት አልቻልኩም። ከትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። እኔ በአንድ እጄ ተቀበልኩት። ሊላቀሰኝ አንገቱን ሲያዘነብል ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ለቀስተኛው ሁሉ አየ።

በዚያ ጠቀለልናት። ሰዉ እስከ ዛሬ እርቅ ሆነ ይላል፣ ቄሱም በተዝካሯ ላይ ይህንኑ ሰበኩ። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው፤ እዚያ ስትደርስ ይህን ማን ሰጠሽ ቢሏት የምትጠራው የእሱን ስም ነው። ቡልኮውን መልሷል። ማሳዋን ግን ዘንድሮም ገብስ ዘርቶባታል።