አባዬ የተባለው ፎልደር

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቤታችን መስኮት ገብታ የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ታርፋለች፤ ያን ጊዜ አቧራው ሁሉ ወርቃማ ይሆናል። እናቴ ከሥራ የምትመለሰው በዚያ ሰዓት ነው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ አጠገቤ ትቀመጥና «በይ ፈታሹን ልቀቂው» ትለኛለች። ፈታሽ የምትለው ጸረ-ቫይረሱን ነው። ትክክለኛ ስሙን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን ራሷ ባወጣችለት ስም ጸናች።

ያለ ፍተሻ የሚሆን ነገር አይገባትም። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት የቆርቆሮ ኪዮስክ አላት። እስረኛ ጠያቂዎች ስልክና ቀበቶ ይዘው መግባት ስለማይፈቀድላቸው እሷ ዘንድ ያስቀምጡና ቁጥር የተጻፈበት ቆርኪ ይቀበላሉ፤ ሲወጡ ቆርኪውን መልሰው ዕቃቸውን ይወስዳሉ። ስንቅ ያመጣ ሰው ደግሞ በሩ ላይ፣ በፈታሹ ፊት፣ ከምግቡ ቀምሶ ነው የሚያስገባው። እናቴ ይህን ስታይ ኖራ ዓለም ሁሉ በዚሁ ደንብ የሚሄድ ይመስላታል። ጎረቤት መዝሙር ወይም ፊልም በፍላሽ ይዞ ሲመጣ «መጀመሪያ ይቀመስ!» ትላለች። እኔ እስቃለሁ፤ ግን ስለ ኮምፒውተር ጥንቃቄ ከዚህ የተሻለ ምክር ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

ኮምፒውተሩ ቂሊንጦ የምሠራበት ፋብሪካ ያረጁትን ሲያስወግድ የደረሰኝ ነው። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። በውስጡ ያለው ሁሉ በነጻ የተገኘ ነው፤ ፈታሹም ነጻ፣ አማርኛ መጻፊያውም ነጻ። ቤታችን ኢንተርኔት ስለሌለ የፈታሹን ማደሻ ከመሥሪያ ቤት በፍላሽ አመጣለታለሁ። ካልታደሰ አዲስ የመጣውን ቫይረስ አያውቀውም፤ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የምንጠብቀው ሀብት ግን አንድ ብቻ ነበር። አባቴ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኔትዎርክ ባገኘበት ሁሉ ለእናቴ አጭር የድምፅ መልእክት ይልክላታል። «ሞጆ ደርሻለሁ።» «መተሐራ ነኝ፤ ጎማ እያስነፋሁ ነው። ደህና ነኝ፣ አታስቢ።» «ሚሌ ነን፤ ሙቀቱ አይጣል ነው።» እሷም በአንድ እጇ የሰው ስልክ እየተቀበለች፣ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «እሺ፣ ቀስ ብለህ ና።» አባቴ ታሞ ካረፈ በኋላ የእሷ ስልክ ውሃ ገብቶበት እስከ ወዲያኛው ተዘጋ። መልእክቶቹ የቀሩት ቀደም ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ስለ ገለበጥኳቸው ነው። ከዚያ ከጠፉ የአባቴ ድምፅ ሌላ የትም የለም።

ፎልደሩን በአማርኛ ፊደል «አባዬ» አልኩት፤ መልእክቶቹን ደግሞ በየከተማው ስም ሰየምኳቸው፤ እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ራሷ እንድታገኛቸው ብዬ። ፍተሻው ሲጀመር አረንጓዴው መስመር በዝግታ ይሄዳል፤ ከሥሩ የፋይል ስም ይሮጣል፣ ሁሉም ለእሷ ባዕድ በሆነ ፊደል። ከዚያ ድንገት አማርኛ ብቅ ይላል። መተሐራ። ሚሌ። ሞጆ። አዋሽ። አዳማ። እናቴ ዐይኗን ሳትነቅል «አለፈ» ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ «ሞጆን ሳያልፍ ሚሌ እንዴት ተገኘ?» ብላ ትቆጣለች። ማሽኑ የሚያውቀው የፊደል ተራ እንጂ የመንገድ አይደለም ብላት አይዋጥላትም። እኔ ግን በዚያ ወርቃማ ብርሃን አረንጓዴውን መስመር ሳይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝና አባቴ ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፎ በግራር መሐል ሲነዳ ይታየኛል። በኋላ ድምፁን እንከፍተዋለን። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ከሞተ ወዲህ ግን አንድም ቀን መልስ አልሰጠችውም፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

አንድ ቀን ፈታሹ አማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም ጠርጥሮ ያዘው። የተያዘ ነገር የሚገባበትን ለይቶ ማቆያ እናቴ እስር ቤቱ ነው የምትለው።

«ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረው» አልኩና ቁልፉን ተጭኜ መለስኩት።

«እንዲህ በአንድ ቁልፍ ይፈታል?» አለች። ቁልፉ የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጣቴን አድርጌ አሳየኋት።

ከኪዮስኳ ቀጥሎ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው አሉ፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጃቸውን ድረው የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ለእናቴ ሰጧት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እሷም፣ ያቺ የሁሉን ፍላሽ ካልቀመስኩ የምትለው ሴት፣ ያን ቀን ይሉኝታ ያዛት። ሠርገኛ ይፈተሻል እንዴ? ሳትፈትሽ ከፈተችው።

ፍላሹ ላይ የነበረው ቫይረስ እኛ ሰፈር የታወቀ ነው። ፎልደሮችን ይደብቅና በየቦታቸው ስማቸውንና መልካቸውን የያዘ አስመሳይ ያስቀምጣል። ፈታሹ ዘግይቶም ቢሆን ነቃ፤ አስመሳዩን ያዘ። ቀይ መስኮት ወጣ። በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሐል እናቴ ማንበብ የቻለችው አንድ ቃል ነው፤ አባዬ። እስር ቤት ውስጥ። እውነተኛውን ፎልደር በቦታው ብትፈልገው የለም። ስለዚህ ያሳየኋትን ቁልፍ ተጫነች፤ የተፈታውንም ልታየው ከፈተችው። የፈታችው ግን አስመሳዩን ነበር፤ ያን ጊዜ የቀረው ፎልደር ሁሉ ተከታትሎ ጠፋ።

ስገባ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት።

«አባትሽን አስረውት ነበር፤ ፈታሁት። ከዚያ ጠፋብኝ» አለች።

እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። «ማን ንኪ አለሽ! እኔ እስክመጣ ብትጠብቂ ምን ነበረበት!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺስ ያለ ጥፋቱ ነው ብለሽ ፈትተሽ የለም?» አለች፣ ቀስ ብላ። «እሱ ምን አጥፍቶ ያውቃል?»

ዕድሜዋን በዚያ ትልቅ በር ፊት ተቀምጣ ስንቱን አልቃሽ ስትሸኝ ኖራለች፤ በገዛ እጇ መክፈት የቻለችው በር ይህ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሶኬቱን ነቀልኩት።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሌላ ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫንኩ፤ የታመመውን ማሽን ራሱን ሳይቀሰቅስ ከፍላሹ ተነስቶ የሚፈትሽ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰካሁት። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ ነበር። ፎልደሩ ተደብቆ ይሁን ተሰርዞ አላውቅም። ለእናቴም አልዋሸኋትም፤ «ላይገኝ ይችላል» አልኳት። ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

መስመሩ መሄድ ጀመረ። ባዕዱ ፊደል ይሮጣል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ክፍሉ የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል። የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ አንዴ ቤት፣ አንዴ ልጅ ሆኜ በአባቴ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጠቅልዬ የተኛሁ መሰለኝ። ፍተሻው ሊያልቅ ሲቃረብ ፈርቼ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«መተሐራ» አለች እናቴ።

ዐይኔን ስገልጥ ሚሌ እያለፈ ነበር። ከዚያ ሞጆ። አንድም አልጎደለም፤ ተደብቀው ነበር እንጂ አልተሰረዙም። እናቴ ለእያንዳንዱ «አለፈ» እያለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ እኔ ግን ያለ ሐፍረት ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ሁሉን ወደ ቦታው ከመለስኩ በኋላ ፎልደሩን በይለፍ ቃል የሚቆልፍ ነጻ ፕሮግራም እንዳለ ነገርኳት። እጇን አወናጨፈች።

«በቃኝ! ቀኑን ሙሉ የምቀመጠው ቁልፍ ፊት ነው። እሱን አልቆልፈውም። ይልቅ አባዢውና አደራ እንስጠው።»

እውነቷን ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ቅጂ ከሁሉ ፈታሽ ይበልጣል። ግን ፍላሹን ለማን እንደምትሰጥ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ጋሼ ፍላሻቸው ያመጣውን መዘዝ ከሰሙ ወዲህ አፍረው ከእናቴ ጋር ዐይን ለዐይን መተያየት አቁመው ነበር። ፈቃድ በወጣሁበት ጠዋት አብረን ሄድን። ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«የባለቤቴ ድምፅ ነው፤ አደራ» አለቻቸው።

«ለእኔ? በእኔ ምክንያት ያን ያህል ጭንቅ አይተው?»

«ለዚያ እኮ ነው። ከእንግዲህ ከእርስዎ የበለጠ የሚጠነቀቅ ከየት አገኛለሁ?»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ከለስላሳ ሳጥኑ ሥር ቆርኪ አነሱ፤ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፉበትና በሁለት እጃቸው ሰጧት። እሷም እንደ ማንኛዋም ጠያቂ ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ወደ ኪዮስኳ ተመለስን። ጠያቂዎች ተሰልፈው ይጠብቋት ነበር። ገና ሥራ ስትጀምር ከጋሼ ሱቅ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ኮሽ አለ።

«ወላሂ እትዬ፣ ልቅመሰው ብዬ ነው!» አሉ ከውስጥ።

ከዚያ የአባቴ ድምፅ መንገዱን ሞላው። «መተሐራ ነኝ፤ ጎማ እያስነፋሁ ነው። ደህና ነኝ፣ አታስቢ።»

እናቴ የአንዲት ሴት ስልክ እየተቀበለች ነበር። ቀና አላለችም። ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች፣ ቆርኪውን ለሴትዮዋ አቀበለቻት፤ «እሺ፣ ቀስ ብለህ ና» አለች።