ባላገኘኋት ያልኳት ሳንቲም

ባለፈው ቅዳሜ የጋራዥ በር መክፈቻ ሪሞታችን ባትሪ አልቆ አዲስ ገዛሁ። ማሸጊያው በጥፍርም በጥርስም አልከፈት አለኝ። ባለቤቴ «ባትሪ ነው ወይስ ወርቅ ያሸጉት?» ብሎ ተነጫነጨ። እኔ ግን ጀርባው ላይ ለማስጠንቀቂያ የተሳለውን የሕፃን ምስል ሳይ ያነሳሁትን መቀስ እንደያዝኩ ቀረሁ። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ያ ፍርሃት አለቀቀኝም።

ያኔ ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ከተማ እህቴ ቤት ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። እህቴ ኤርፖርት ስትሠራ ገና በወጉ የማያወራውን ልጇን ናሆምን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል የሚነዱት አጎታችን ጋሽ መንገሻ ደግሞ እረፍት ሲሆኑ ሳንቲማቸውን በብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ከች ይላሉ።

ሳንቲም ስል ተራ ሳንቲም እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ገና አገር ስትሆን ያሠራቻቸው የመዳብ ሳንቲሞች ናቸው። ጋሼ የሚገዙት ስንት እጅ የላጣቸውን፣ ልሙጦቹን ነው፤ ርካሽ ናቸዋ! በዚያ ዘመን ሳንቲሙን የሚመታው የብረት ማህተም በእጅ ስለሚቀረጽ አንዱ ከሌላው ይለያል፤ የአንዱ ቅጠል ወደ ግራ ያለ፣ የሌላው ፊደል ዝቅ ያለ። የጋሼ ደስታ የተላጠው ሳንቲም ከየትኛው ማህተም እንደወጣ ማወቅ ነበር። «ፊት ለፊት አታብሪበት፤ ከጎን አስተኝተሽ አብሪ። ጥላው ይነግርሻል» ይሉኛል። እኔ በሆዴ «እኚህ ሰውዬስ ጤናም የላቸው» እላለሁ።

ነሐሴ ነበር፤ ውጭው እሳት ነው። ጋሼ የትንሿን የእጅ መብራታቸውን ክብ ባትሪ ቀየሩና ያለቀውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከቆርቆሮው አንዷን ሳንቲም አንስቼ ከጎን ሳበራባት ጮህኩ። ሳንቲሟ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ፊት ጠፍቷል፤ ከአገጯ ግን እሾህ የመሰለች ቀጭን መስመር ወጥታለች፤ ማህተሙ ሲጎዳ የቀረ ምልክት ነው።

«እሰይ የኔ ልጅ! ከዚህ ሁሉ እሾህ ያላት እሷ ብቻ ናት!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ለብቻዋ ትሁን ብለውም ከባትሪው አጠገብ አኖሯት። የሁለቱም መጠን አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን ሊያመጡ ሄዱ፤ እኔ ሐብሐብ ልቆርጥ ዞርኩ። ስመለስ ናሆም ወንበሩ ላይ ቆሟል። ለሐብሐብ የሚሞተው ልጅ የሰጠሁትን ቁራጭ ተፋው። ለሃጩ ይዝረበረባል፤ አንገቱን ጨብጧል።

«ናሆሜ፣ ምን ዋጥክ? ምን ዋጥክ?»

ጋሼ እየሮጡ መጡ። በድንጋጤ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ሁሉ በእፍኛቸው ጠርገው ቆርቆሮው ውስጥ ጨመሩትና ቆርቆሮው ውስጥም፣ መሬት ተንበርክከውም ባትሪውን ፈለጉ። የለም። ከፍሪጁ ሥር ይግባ፣ ልጁ ይዋጠው ማን ያውቃል?

ናሆም የሚታከምበት ክሊኒክ ደወልኩ። ነርሷ «ሳንቲም ከሆነና ከተነፈሰ ቅርባችሁ ያለው ሆስፒታል ይበቃል። ባትሪ ከሆነ ግን ጉሮሮውን ያቃጥላል፤ ሳትቆሙ ሕፃናት ኦፕሬሽን ወደሚደረጉበት ዳላስ ያለው ሆስፒታል ሂዱ» አለችኝ።

«ያለቀ ባትሪ ነው እኮ!»

«ያለቀውም ያቃጥላል።»

እግዚኦ! ናሆምን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ።

ጋሼ «አምቡላንስ እስኪመጣ እንደርሳለን» ብለው መኪናውን አስነሱ። ሃይዌዩ ተጨናንቋል። ቆርቆሮውንና የእጅ መብራቷን ወደ ኋላ አቀበሉኝ። «ያቺን እሾኻም ፈልጊያት። ከሌለች የዋጠው እሷን ነው። ካለች ግን…» አልጨረሱትም። «የቅርቡ ሆስፒታል መውጫ ቀጣዩ ኤግዚት ነው፤ እዚያ ላይ መወሰን አለብኝ፣ ቶሎ በይ!»

ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፤ በዚያ ብርሃን ልሙጥ መዳብ ሁሉ አንድ ነው። የጋሼን የሥራ ጃኬት ራሴ ላይ ደፍቼ ጨለማ ሠራሁና መብራቷን ከጎን አበራሁ። የናሆምን እግር ጭኔ ላይ ጫንኩት፤ ሲንቀሳቀስ እንዲሰማኝ። ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን አንዱን ጥዬ ሌላውን ባነሳሁ ቁጥር «እመቤቴ፣ እሷ አትሁን!» እላለሁ። ልሙጥ። ልሙጥ። ግማሽ ቅጠል። ልሙጥ። ጋሼ ከፊት ሆነው «አባታችን ሆይ» ይላሉ፣ መሃል ላይ የገባባቸውን መኪና ይሳደባሉ፣ ጸሎቱን ይቀጥላሉ።

ከዚያ ያቺ እሾህ ብቅ አለች። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና አየሁ። ብሳሳትስ? ጭረት ብትሆንስ? አዘነበልኳት፤ ጥላዋ አገጩ ላይ ቀጥ አለ። ሳንቲሟ እጄ ላይ ናት፤ ባትሪው ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ አለች» አልኩ። ጃኬቱን ከራሴ ላይ ገፈፍኩ። «አለች!»

ጋሼ ኤግዚቱን አልፈው ነዱ።

ዳላስ እንደደረስን ነርሶቹ ልጁን ከእጄ ነጥቀው ገቡ። ባትሪው ወጣ። ሐኪሟ «ሌላ ቦታ ዞራችሁ ቢሆን ቃጠሎው በጣም ይብስ ነበር» አለችን። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ሳንቲሟን ጨብጠው «ምነው ጠፍተሽብኝ ቢሆን!» እያሉ ተንሰቀሰቁ።

ጋሼ አሁን የሉም፤ ሳንቲሟ እኔ ጋ ናት። ናሆም አርሊንግተን የሚኖር ባለ ጢም ጎረምሳ ሆኗል። ከቃጠሎው የቀረችው ድምፁ ላይ ያለች ሻካራነት ብቻ ናት። ቅዳሜ ዕለት መቀሱን አስቀምጬ ደወልኩለት።

«አክስቴ፣ ኦኬ ነሽ? ሶ ለምን ኮል አደረግሽ?»

«ድምፅህን ልሰማ ነው።»

«ይሄን ሻካራ ድምፅ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጅ ያድጋል፤ ፍርሃት ግን አብሮ አያድግም። ናሆም ለእኔ አሁንም ያ ወንበር ላይ እንደቆመ ነው። አዲሱን ባትሪ ሪሞቱ ውስጥ ከተትኩና ያለቀውን በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ባለቤቴ ከታች ቀና ብሎ እያየኝ «እዚህ ቤት እኮ ሕፃን የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩትና ባትሪውን ወደ ጥግ ገፋሁት።