ከትሪው ቀድሞ የሚነሳ እጅ

አባቴ ቀበቷቸውን በሚስማር ሲበሱ ያየኋቸው ሰሊጡ ተራግፎ ወደ መጋዘን በሚጫንበት ሰሞን ነው። አዲሱ ቀዳዳ ከድሮው በጣም ርቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አያቸውና፣ «አንቱማ ጎረምሳ ሆኑ። ልንድርዎ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ጥሎሹን አንተ ከቻልከው እኔ ምን ገዶኝ» አሉት፣ ከሚስማሩ ቀና ሳይሉ።

እኔ አልሳቅኩም። አባቴ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በኮኪት ዙሪያ ባሉ የሰሊጥ እርሻዎች ትራክተር ሲነዱ ነው። በጉልምስናቸው ወፍራም ስለነበሩ የቀን ሠራተኞቹ «መሪውን የሚያዞረው በሆዱ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ስድብ አይደለም፤ ቆላው የተስማማው ሰው እንዲህ ይባላል። ታላቅ እህታቸው፣ አክስቴ፣ እንደ እሳቸው ወፍራም ነበረች። ስታረጅ መጀመሪያ ከሳች። ቀጥሎ መንገድ ይጠፋት ጀመር። በመጨረሻ እኔን ራሴን «የማን ልጅ ነህ?» ትለኝ ነበር።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ስለዚህ ጉዳይ ሐኪሞችን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። በጉልምስና የሚበዛ ውፍረት ኋላ በመርሳት በሽታ የመያዝን ዕድል ከፍ ሊያደርግ ይችላል ይላሉ። በእርጅና ደግሞ ሰው ሳይፈልገው የሚመጣ ክሳት አንዳንዴ ሕመሙ ከመታወቁ በፊት የሚታይ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ማለት «ነው» ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ለአድማጭ ሳስረዳ ኖሬያለሁ፤ አባቴ ቀበቶ ሲበሱ እያየሁ ግን ለራሴ ማስረዳት ከበደኝ። በዚያ ላይ ሰሞኑን የቤቱን ቁልፍ ያስቀመጡበትን እያጡ፣ የነገሩንንም ወሬ መልሰው እየነገሩን ነበር።

ሸሕዲ ከተማ የምትሠራ የማውቃት ሐኪም ዘንድ በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ።

«አባባ፣ ሦስት ቃል ልንገርዎ፤ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ» አለቻቸው። «ሰሊጥ፣ ድልድይ፣ ግመል።»

ልባቸውን አዳመጠች፣ ለምርመራ ደም ወሰደች፣ አፋቸውን አስከፍታ አየች። ከዚያ ቃላቱን ጠየቀቻቸው።

«ሰሊጥ» አሉ። «ድልድይ።» ቀና ብለው የጣሪያውን ቬንትሌተር አዩ። እኔ የወንበሬን ጠርዝ ጨበጥኩ።

«ሦስተኛውስ?»

«ግመል። ድልድዩን እስኪሻገር እየጠበቅኩት ነው እንጂ አልረሳሁትም።»

ሐኪሟ ሳቀች። ወዲያው ግን ይህ ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ፣ በየጊዜው እየመጡ መታየት እንዳለባቸው ነገረችን። «የመንጋጋ ጥርስዎ አልቋል» አለች ቀጥላ። «ምግብ እንዴት ነው?»

«እስክጠግብ እበላለሁ።»

ወደ እኔ ዞራ «እውነት ነው?» አለችኝ። ሁሉም ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል?

በማግስቱ ምሳ ላይ ከምግቡ ይልቅ አባቴን አየሁ። ልጆቼ፣ ባለቤቴና እኔ ትሪውን ከበናል። እሳቸው አንዷን ጉርሻ ወዲያና ወዲህ ሲያላምጡ የእኛ እጅ ይመላለሳል። ትሪው መሳሳት ሲጀምር እጃቸውን አነሱና፣ «ተመስገን፣ ጠገብኩ» አሉ። የቀረውን ልጆቹ ጠራረጉት። ትላንትም፣ ባለፈው ወርም እንዲሁ ነበር፤ ልብ ብሎ ያስተዋለ አልነበረም።

እጃቸውን ሲታጠቡ ውኃውን እያፈሰስኩ፣ «አባባ፣ እውነት ጠግበዋል?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሽማግሌ ትሪ ላይ ተጎልቶ ልጅ ያስጠብቃል?»

ባለቤቴ ማታውኑ ለብቻቸው በሳህን አቀረበችላቸው። ሳህኑን ትክ ብለው አዩት።

«ምን አጠፋሁ?» አሏት። «ለብቻው የሚበላ እስረኛ ነው።»

ስለዚህ በትንሽ ትሪ ከእሳቸው ጋር የምበላው እኔ ሆንኩ። ባለቤቴ ለስለስ ያለ ትሠራልናለች፤ ፉል፣ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ የሥጋ ወጥ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው፤ እሳቸው ውጠው እንደገና ካልጎረሱ አልጎርስም። ለቸኳይ በላተኛ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ከትሪው ስነሳ እየራበኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። እንዲያውም ዝግ ብሎ ሲበላ ቶሎ እንደሚጠገብ ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ስጠብቃቸው ዓይናቸውን ሸሚዜ ላይ ጣሉ። «ይሄ የእኔ ሆድ ነው» አሉኝ። «አንተ ጋ ምን ይሠራል?»

እውነታቸውን ነው። እኔም አሁን እሳቸው ትራክተር ሲነዱ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ነኝ። የእሳቸው ያለፈ ውፍረት አልፏል፤ የእኔ ግን ገና በእጄ ነው።

ትላንት ወደ ጎረቤታችን መጋዘን ሄደን ሰሊጥ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ተራ በተራ ወጣን። ወር በወር እንዲህ እናደርጋለን። እሳቸው ጨምረዋል፣ እኔ ቀንሻለሁ።

«ጭነቱ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም» አሉ ለጎረቤታችን። ቀበቷቸው ሚስማር የበሳውን ቀዳዳ ትቶ ወደ ድሮው ተመልሷል።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ያደሩበትን ወሬ ጀመሩልኝ። ከትላንት ወዲያ ነግረውኛል። የአክስቴ ሕመም ይሁን የሽማግሌ ወግ አላውቅም፤ ሐኪሟም ገና አላወቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። ቤት ስንደርስ ትንሿ ትሪ ቀርባለች። እጃችንን ታጥበን ተቀመጥንና፣ እሳቸው እስኪጎርሱ ጠበቅኩ።