ጨርቅ ጅራት ያለው አውሮፕላን

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ኒው ሆፕ

ቅዳሜ በማለዳ መነሳት ለእኔ ቅጣት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ከርሜ፣ ዛሬም ገና በንጋቱ የመኪና ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን እበረብራለሁ። ግን ቃል ገብቼላችኋለሁ። ከዓለም ጦርነት የተረፈ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠገን የኖረ አውሮፕላን ዛሬ ከመሬት ሲነሳ አይቼ እጽፍላችኋለሁ ብያለሁ፤ ቪዲዮም ጭምር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም።

12፡25፤ ሆፕኪንስ

ጋሽ ኑሩ አፓርታማቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። ደሴ ሳሉ ፍራሽ ሰፊ ነበሩ፤ እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው አሮጌ አውሮፕላኖች ሊያሳያቸው ወስዷቸው፣ ሮን የሚባል ፈረንጅ በረጅም መርፌ ከጨርቅ ጋር ሲታገል አዩ። «ይሄማ የእኔ ሥራ ነው» ብለው ተጠጉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን አውሮፕላን ሊሰፉ መሄድ አልቀሩም።

አውሮፕላን ሁለመናው ብረት ይመስለኝ ነበር። አካሉ ብረት ነው፤ ጅራቱ ላይ ያለው መሪ ግን ጨርቅ ነው። ጨርቁ በቀጫጭን የብረት አጥንቶች ላይ ይወጠርና በሰም በተቀባ ክር ይሰፋል። አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ጎን ቆሞ መርፌ ይቀባበላሉ። ከዚያ በላዩ ቀለም ይቀባል፤ ስፌቱም ይሸፈናል።

«ዛሬማ ሙሽራ መስለዋል» አልኳቸው። አልሳቁም።

12፡50፤ ብሉሚንግተን

ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። ሻይ ሁለት ዶላር፣ ዶናት ደግሞ ከሻዩ ይወደዳል። ጋሽ ኑሩ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙት ቀዘቀዘ።

«ምነው ጋሼ?»

«ሰብልዬ፣ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ረቡዕ ለታ አፕል ቫሊ ልጄ ቤት የሶፋ ትራስ ስሰፋ እጄን አየሁት። የፍራሽ ቋጠሮ ይቋጥራል። መሪው ላይ የመጨረሻዋን መስመር የሰፋሁ ቀን ሮን አሞት ቀርቶ ብቻዬን ነበርኩ። ደክሞኝም ነበር። እጄ ያን ቀንም የለመደውን ቋጥሮ ከሆነስ?»

«የፍራሹ ቋጠሮ ምን አለው?»

«ለፍራሽ ደህና ነው። ጥጡ ሲተኛ ክሩን ስበን እንድናጠብቀው ይንሸራተታል። ለአውሮፕላን የሚሆነው ግን የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው፣ የማይላወሰው ነው። ነፋሱ ጨርቁን ከአጥንቱ ከለየው ልጅቷ በምን ትመራዋለች?»

ልጅቷ ያሏት አብራሪዋን ክሌርን ነው።

«እርግጠኛ አይደሉማ! ቀለም ተቀብቷል፣ ሮንም ደህና ነው ብሎ ፈርሟል። ዛሬ ቢናገሩ ፍላይቱን ካንስል ያደርጉታል። ሁለተኛ መርፌ አያስነኩዎትም እኮ።»

አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ያኔ ግን የማስበው ቪዲዮዬን ነበር።

«እሱን አጥቼው መሰለሽ?» አሉኝ። «መጋዘን ውስጥ ‹ሄይ› ነው ስሜ። አውሮፕላኑ ጋ ግን ማስተር ኑሩ ይሉኛል። ከቅዳሜ ሌላ ምን አለኝ?»



1፡30፤ ሳውዝ ሴንት ፖል

ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ናት፤ ሚሲሲፒ ከታች በጉም ተሸፍኗል። አውሮፕላኑ የሚጠገንበት አዳራሽ ዘይትና ቀለም ይሸታል። ሰዎች ተጣጣፊ ወንበር ይደረድራሉ፣ አንዲት ሴትዮ ዶናት ትቆጥራለች። አውሮፕላኑ መሀል ቆሟል፤ አፍንጫው ወደ ላይ፣ ጅራቱ መሬት ላይ። ስሙን ብነግራችሁም ትረሱታላችሁ። መብረር የሚችል ወንድሙ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ክሌር የበረራ ልብሷን ለብሳ ክንፉን በመዳፏ እየዳሰሰች ትዞራለች።

ሮን ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ገና ከሩቅ «ማስተር ኑሩ!» ብሎ ተጣራ።

ጋሽ ኑሩ እጄን ያዙኝ። እንግሊዝኛቸው ለመርፌና ለክር ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም። «አንዲት ቃል ሳትቀንሺ ንገሪልኝ» አሉኝ። ዝም በሉ ያልኩት እኔ፣ ተናጋሪዋ ሆንኩ።

ማለዘብ እችል ነበር። ‹ትንሽ ተጠራጥረው ነው› ብዬ ማለፍ ይቻላል። ዓይናቸውን ሳይ ግን ለሮን ሁሉንም ነገርኩት፤ የሶፋውን ትራስ፣ ድካሙን፣ የሚንሸራተተውን ቋጠሮ።

 ሮን ቢላ አመጣና አዲስ የተቀባውን ጨርቅ በመጨረሻዋ መስመር አጠገብ ቀደደው። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ሲቀደድ ሰማሁ። የመጀመሪያውን ቋጠሮ በፒንሳ ጎተተ፤ ጸና። ሁለተኛውም ጸና። ጋሽ ኑሩ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም በልቤ፣ በከንቱ ነው የተጨነቁት ማለት ጀምሬ ነበር።

ሦስተኛው ተንሸራትቶ ወጣ። አራተኛውም።

ሮን ባርኔጣውን አወለቀ። «ድኜ ስመለስ ሳላይ ፈረምኩ» አለ። «ቢወድቅ ኖሮ ፊርማው የእኔ ነበር።»

ክሌር የወጣውን ክር ከሮን እጅ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የበረራ ልብሷ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተችውና ዚፑን ዘጋች።

«መቼ እንሰፋዋለን በያቸው» አለችኝ።

ተረጎምኩ። ጋሽ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚመጣው ቅዳሜ። ግን ብቻዬን አልሰፋም። ከወዲያ ጎን የሚቆም ሰው ይኑር በያት።»

ክሌር ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጇን አወጣች።

5፡40፤ መልስ

በረራው መቅረቱ ሲነገር አንድ ሽማግሌ ከዱሉዝ ድረስ ነድቼ መጥቼ ብለው ተቆጡ። ዶናቱ ለሁላችንም ተረፈ። ቪዲዮ የለኝም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አውራ ጎዳናው ላይ ለጋሽ ኑሩ አንድ ነገር ልነግራቸው ዞር ስል አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ጫማቸው ላይ የቀለም ፍርፋሪ አለ። እንዳይነቁ ሬዲዮውን ዘጋሁ። የሆፕኪንስ መውጫ ሲደርስ ፍሬቻ አብርቼ ነበር፤ አጠፋሁትና ቀጥ ብዬ ነዳሁ።